ጅብ የሰነጠቀው የአህያ በር

የእጅ ጽሕፈቴ አያምርም፣ ፊደልም እገድፋለሁና አንባቢዎቼ ይቅርታ አድርጉልኝ።

አንድ ጊዜ ቤት እንጂ በር የሌላት አንዲት አህያ ነበረች። ብቻዋን ሳለች ግድ አልነበራትም፤ ጅብ ሲመጣ በጓሮ ሾልካ ታመልጥ ነበር። ከወለደች በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ውርንጭላዋ ገና መሮጥ አይችልም። ጅቡም አመሻሽ ላይ በደጇ ባለፈ ቁጥር «ልጁ አደገልሽ ወይ?» ይላት ጀመር።

ደግነቱ ንፋስ አንድ ትልቅ ዋንዛ ከቤቷ አጠገብ ጣለላት። ቀበሮ ደግሞ ግንድ የሚሰነጥቅ የሞተር መጋዝ ነበረው። መጥቶ ግንዱን ዞሮ አየ። አህያዋ ዓይን አፋር ስለነበረች መሬት መሬት እያየች ለአንድ በር የሚበቃ ሳንቃ እንደምትፈልግ ነገረችው። ቀበሮውም መጋዙን የሚገፋ ጠንካራ ትከሻ እንደሚያስፈልግ፣ በአገሩ ሥራ ፈት ደግሞ ጅቡ ብቻ እንደሆነ ነገራት።

«በሩ እኮ የሚሠራው በእሱ ምክንያት ነው» አለች በቀስታ።

«ታዲያ ውፍረቱን ከእሱ የተሻለ ማን ያውቃል?»

ጅቡ ተጠርቶ መጣ፤ ተጠየቀም። ደረቱን ነፍቶ ሁለት ጣት የሚወፍረውን ሳንቃ በአንድ ንክሻ፣ ሦስት ጣቱን በሁለት ንክሻ እንደሚሰብር፣ አራት ጣት ሲሆን ግን ጥርሱን እንደሚያመው አስረዳ።

«እንግዲያው አራት ጣት ይሁን» አለች አህያዋ። ጅቡም ጥሩ አስበሻል ብሎ አመሰገናት።

ቀበሮ ገመድ በጥላሸት ነክሮ ግንዱ ላይ ወጠረና ለቀቀው፤ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ታተመ። ሞተሩ ጮኸ፣ ጅቡ ገፋ፣ ብናኙ እንደ ወፍጮ ቤት ዱቄት ቦነነ። ቅርፊት ያለበት የዳሩ ቁራጭ መጀመሪያ ወደቀ። በአገሩ ወግ የዳሩ ቁራጭ የሰንጣቂው ድርሻ ነውና ጅቡ ወሰደው። ቀጥሎ አራት ጣት የሚወፍር የሚያምር ሳንቃ ወጣ። ጅቡ እሱንም አነሣው።

«አያ ጅቦ፣ እሱ የእኔ ነው። ያንተ የዳሩ ነው።»

«የዳሩማ ሄደ። አሁን ዳር ላይ ያለው ይኼ ነው።»

ቀበሮው ሳንቃውን በኋላ ከጅቡ ላይ በአጥንት ሊለውጠው አስቦ ስለነበር፣ አባባሉ እንከን እንደሌለው መሰከረ። እንዲህ እየተባለ ግንዱ በሙሉ ዳር ሆኖ አለቀ። ለአህያዋ የተረፋት ብናኙ ብቻ ነበር።

አህያዋ ልጇን አየችው። ቀና ሳትል፣ እርጥብ ሳንቃ ከላዩ ከባድ ነገር ካልተጫነበት እንደሚጎብጥ፣ ጭነቱም ከማታ እስከ ንጋት፣ ክረምቱን ሙሉ መነሣት እንደሌለበት ተናገረች።

«ከእኔ የሚከብድ ማን አለ?» አለ ጅቡ። ሳንቃውን ደርድሮ ላዩ ላይ ተኛ።

ዝናቡ ወረደበት፤ አልተነሣም። ቀበሮው አጥንት ይዞ ቢመጣ፣ «ከወረድኩ ይጎብጣል» ብሎ መለሰው። ጠዋት ጠዋት አህያዋ ልጇን አስከትላ ስታልፍ እንዴት አደርክ ትለዋለች፤ እሱም ጎኑ ተጣብቆ፣ ሆዱ እየጮኸ፣ «አልጎበጠም» ይላታል። እነሱ ግን በር በሌለው ቤታቸው ጥግብ ብለው ይተኙ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ውርንጭላው እንደ ንፋስ የሚሮጥ ሆነ። አንድ ቀን ሲግጡ ጠየቃት።

«እማዬ፣ ጅቡ ባይኖር ኖሮ ሳንቃው ላይ ምን ይጫን ነበር?»

አህያዋ ግራና ቀኝ አየች። ለማንም ነግራው የማታውቀውን በጆሮው ሹክ አለችው።

«ድንጋይ።»

ከዚህ የምንማረው ሁሉን የእኔ የሚል ስግብግብ ውሎ አድሮ በገዛ ሀብቱ ላይ የተጫነ ድንጋይ ሆኖ እንደሚቀር ነው።