የአትጠገብ ምጥ

ዛሬ እየሳቅን የምንወራወረው፣ መጀመሪያ በተነገረበት ቀን ግን ማንም ያልሳቀበት አንድ ተረት አለ። ታናሽ ታላቁን ላርም ሲል፣ ትናንት የተቀጠረ የነባሩን ሥራ ላቃና ሲል፣ አንዱ ከዳር ሆኖ ጣል ያደርጋታል፤ የተጣለችበትም አፍሮ ዝም ይላል። እኔም ስድብ ትመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አክስቴን በሆነ ነገር ላርማት ስል አጠገባችን የነበረ ሰው ይህችኑ ተረተብኝ። አክስቴ ግን አልሳቀችም። «እሱ እኮ ስድብ አልነበረም» አለች። «መጀመሪያ የተናገሩት ሴትዮ እንባቸውን እየጠረጉ ነው የተናገሩት።» ከዚያ ታሪኩን ነገረችኝ፤ እኔም እንደሰማሁት እነግራችኋለሁ።

ጥድ አፋፍ በምትባል የገደል ጫፍ መንደር ወይዘሮ ዘርትሁን የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ ልጆቻቸውን ድረው ለብቻቸው ይኖራሉ። በዚያ አገር ምጥ የያዛት ሴት አለች ከተባለ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ዝናብም ይሁን ፀሐይ ነጠላቸውን አጣፍተው ይወጣሉ። የሳቸው እጅ ያልተቀበለው ልጅ በመንደሩ ጥቂት ነው። የምታምጥ ሴት የዘርትሁንን ድምፅ ከደጅ ስትሰማ ግማሹ ሕመም ይለቃት ነበር ይባላል።

የመጨረሻ ልጃቸው አትጠገብ ወንዝ ማዶ ደምለው ለሚባል ገበሬ ተድራ የመጀመሪያዋን አረገዘች። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳልና፣ ነሐሴ እንደገባ ደምለው በበቅሎ አድርጎ አመጣት። እነሱ ከተሻገሩ በኋላ ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ዘጋው፤ ደምለውም መመለሻ አጥቶ እዚያው መንደር ቀረ።

ከበቅሎዋ ደግፈው ሲያወርዷት የጎረቤቱ ሴት ሁሉ ሊያያት ወጣ። እግሮቿ አብጠዋል። ሆዷ ከሷ ቀድሞ ነው የሚሄደው። ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ምሰሶውን ተደግፋ፣ ቁጭ እንዳለች ታንቀላፋለች።

በመጣች በሰሞኑ፣ እናቷ ምስር እየለቀሙ ሳሉ፣ «እምዬ፣ ሁለት ናቸው» አለቻቸው።

«ምኑ ነው ሁለት?»

«ሆዴ ውስጥ ያሉት። አንደኛው እዚህ ግራዬ ጋ ወደ ታች ወርዷል፤ ረጋ ያለ ነው። ሌላው ከላይ ተጋድሟል፤ ራሱ ቀኝ ጎኔ ስር ነው። አንዱ ሲተኛ አንዱ ይነቃል። እስቲ እጅሽን አምጪ።»

ወይዘሮ ዘርትሁን እጃቸውን አላመጡም። ከሰፌዱ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ «ትልቅ ልጅ ነው» አሉ። «አባትሽም ሲወለድ እናቱን ሊገድላት ነበር አሉ፤ በሱ ወጥቶ ነው። የመጀመሪያ እርጉዝ ደግሞ የማይሰማት ነገር የለም።»

«እምዬ፣ እኔ እኮ የሚሰማኝን ነው የምነግርሽ።»

«ሰማሁሽ። ያንን ቃል ግን በዚህ ቤት ሁለተኛ እንዳታነሺ።»

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ቀረ። ጎረቤቶቹም የሰሙ ጊዜ ሳቁ። ዘርትሁን የማታውቀው እርግዝና አለ እንዴ እያሉ፣ አትጠገብን እንደ ሕፃን ሆዷን እየነካኩ ይቀልዱባት ነበር። እሷ ግን አንድ ነገር ልብ ብላለች። እናቷ የመንደሩን እርጉዝ ሁሉ ሆድ ይዳብሳሉ፤ ገበያ መንገድ ላይ ያገኟትን እንኳ አስቁመው ልጁ ወዴት እንደዞረ ይነግሯታል። የገዛ ልጃቸውን ሆድ ግን ከመጣች ጀምሮ አልነኩም። ሲያጥቧት እንኳ ጀርባዋንና እግሯን አጥበው ጨርቁን ለሷ ይሰጧታል።

በየቀኑ እየመጡ አጠገቧ የሚቀመጡ እማማ ትርንጎ የሚባሉ አሮጊት ጎረቤት ነበሩ። እናቷ ውኃ ሊቀዱ በወረዱበት ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ እናቴ ሆዴን ለምን አትነካኝም?»

«ብነግርሽ ትፈሪያለሽ» አሉ አሮጊቷ።

«አሁንስ መቼ አልፈራሁ? የማላውቀውን ከምፈራ የማውቀውን ልፍራ።»

እማማ ትርንጎ ወደ በሩ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። ዘርትሁን ውዲቱ የምትባል ታላቅ እህት ነበረቻቸው። ውዲቱ የወለደችው በዚያው ቤት ነው። ልጁ ወጣ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኩሌቶቹ ገንፎ ሊያገነፉ ተነሱ። እንግዴ ልጁ ግን አልወርድ አለ። ትላልቆቹ ሴቶች እጃቸው በሥራ ተይዞ ስለነበር አንዲትን ኮረዳ «እትብቱን ያዢ፣ ሳቢ» አሏት። ሳበች። ውስጥ ሌላ ልጅ ተጋድሞ እንደነበር ያወቀ ሰው አልነበረም።

«ደሙ እስከ ደጃፍ ወረደ፤ ውዲቱ አልተረፈችም» አሉ እማማ ትርንጎ። «ያቺ ኮረዳ እናትሽ ናት። እኔም ነበርኩ፤ ሳቢ ካሏት አንዷ እኔ ነኝ። ማዋለድ የጀመረችውም ከዚያ በኋላ ነው። መንታ የያዘች የመሰለቻት እርጉዝ ስትገጥማት ግን አሞኛል ትልና ሌላ ሰው ታስጠራለች። አሁን በልጇ መጣባት፤ አሞኛል ብላ የት ትሂድ?»

አትጠገብ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ከዚያ በፊት የምትፈራው ሕመሙን ነበር፤ ከዚያ በኋላ የምትፈራው እልልታውን ሆነ። አንዱ ልጅ ተወልዶ፣ ሰዉ ሁሉ ደስ ብሎት፣ እሷ ሁለተኛውን እንደያዘች እየፈሰሰች ስትሄድ ይታያታል። ማታ ማታ ዓይኗ አልከደን ሲል መዳፏን ሆዷ ላይ አድርጋ ልጆቹን ትከታተላቸው ጀመር። ታችኛው በየቀኑ ወደ መውጫው እየተጠጋ ነው። ላይኛው እንደተጋደመ ነው። አንድ ጊዜ በግራ ጎኗ ጋደም ብላ፣ ከዳሌዋ ስር የተጠቀለለ ጋቢ አድርጋ፣ ራሱን በመዳፏ ቀስ እያለች ብትገፋው ወደ ታች ሸርተት አለላት። እጇን ስታነሳ ግን ተመልሶ ተጋደመ። በማግስቱም ሞከረችው፤ ዞረላትና ደግሞ ተመለሰ። ታችኛው ቦታውን ይዞበታል። ያ ከወጣ ግን ቦታ ይኖረዋል ብላ አሰበች።

ይህንን ለደምለው ነገረችው። ደምለው ፊቱ አመድ መሰለ። ለማርያም ስለት ተስሏል፤ ሌላ የሚያደርገውን ግን አያውቅም።

«አንድ ነገር ብቻ ለእናቴና ለሴቶቹ እንድትነግራቸው ነው የምፈልገው» አለችው። «አንዱ ወጣ ብለው እንዳይተዉኝ።»

ደምለው ድፍረት አግኝቶ አማቱ ፊት ቆመ። «እሜቴ፣ አትጠገብ የምትለውን ቢሰሟት» አለ።

«አንተ ወንድ ነህ፤ በዚህ ምን አገባህ?» አሉት። ይህን ሲሉ ግን ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። እሱም ልብ ብሎት፣ ከዚያ በኋላ ይበልጥ ፈራ።

የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሲል፣ ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ሲወርድ በዋለበት ቀን ምጡ ያዛት። የመንደሩ ሴቶች መጡ። በጓዳው ሞልተው ወገቧን እየደገፉ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። ደምለው ከጎረቤት ወንዶች ጋር ከደጅ ጣራው ጥግ ስር ተኮራምቷል። ወይዘሮ ዘርትሁን ከፊቷ ተንበርክከዋል፤ ሥራቸውን ያውቃሉና እጃቸው አልተሳሳተም። ቀትር ሳይሆን የመጀመሪያዋ ልጅ ወጣች። ሴት ናት፣ ደህና ናት፣ ወዲያው አለቀሰች።

ወይዘሮ ዘርትሁን ልጅቷን ከፍ አድርገው ሲያዩ ፊታቸው ላይ ያ ሁሉ ሳምንት ያልታየ ብርሃን ታየ። «ተገላገልሽ ልጄ» አሉ። «አልነገርኩሽም? ማርያም ማረችሽ።» እትብቱን ወዲህና ወዲያ በክር አስረው ቆረጡና ልጅቷን ለእማማ ትርንጎ ሰጧቸው። ሴቶቹ እልል አሉ። እኩሌቶቹ ወደ ምድጃው ተነሱ።

አትጠገብ ያንን እልልታ ስትሰማ ቀና አለች። «እልል አትበሉ» አለች። «አልጨረስኩም።» የሰማት ሰው አልነበረም። ወደ እናቷ ዞረች። «እምዬ፣ ሌላው አለ።»

«እንግዴ ልጁ ነው። አሁን ይወርዳል፤ አይዞሽ» አሉ እናቷ። ፊቷን ግን አያዩም። የእትብቱን ጫፍ ይዘው በጣታቸው ላይ አንድ ጊዜ ጠመጠሙት።

አትጠገብ ክንዷን ከደጋፊዎቿ አስለቅቃ የእናቷን እጅ ከአንጓው ላይ ያዘች።

«አትሳቢ» አለች። «ውዲቱን አስቢ።»

ያንን ስም በዚያ ቤት ውስጥ ለብዙ ዘመን የጠራው አልነበረም። እልልታው ተቋረጠ። እናትየው እንደተንበረከኩ ቀሩ። እትብቱ ከጣታቸው ላይ ተፈትቶ ወረደ። እጃቸውን አይተው እንደ ሌላ ሰው እጅ ወደ ኋላ ሸሸጉት።

«አልችልም» አሉ። «ሌላ ሰው ጥሩላት። እኔ አልችልም።»

«ሌላ ሰው የለም እምዬ። ወንዙ ሞልቷል። ያለሽኝ አንቺ ነሽ።»

«እጄ ይገድላል።»

«አይገድልም፤ እኔ አሳይሻለሁ። እኔ የምልሽን ብቻ አድርጊ።»

አትጠገብ በሁለት ምጥ መካከል ትንፋሿን እየሰበሰበች ትናገር ጀመር። በግራ ጎኗ እንዲያጋድሟት፣ ከዳሌዋ ስር ጋቢ እንዲያደርጉላት አዘዘች፤ ሴቶቹም አደረጉ። ከዚያ የእናቷን ቀኝ እጅ ከተሸሸገበት ስባ ቀኝ ጎኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ይኼ ራሱ ነው። ተሰማሽ?»

እናትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ተሰማኝ» አሉ።

«ሌላውን እጅሽን እዚህ አድርጊ፤ መቀመጫው ነው። ራሱን ወደ ታች፣ ይኼን ወደ ላይ። ቀስ ብለሽ። ምጡ ሲመጣብኝ ተይ፤ ሲለቀኝ ግፊ።»

ምጥ መጣባት፤ ጥርሷን ነከሰች፤ እናቷም እጃቸውን ለቀቅ አደረጉ። ሲለቃት ገፉ። ልጁ ጥቂት ዞረና ተመለሰ። ከስሯ ደም መታየት ጀመረ። አንዲት ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እናትየውም ደሙን አይተው እጃቸው ሊነሳ ሲል፣ አትጠገብ መዳፏን በእጃቸው ላይ ጫነች።

«እሱን አትዪ። ወደኔ እዪ። ደግመሽ ግፊ።»

«ልጄ፣ ፈራሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ። ግፊ።»

ደግመው ገፉ። በዚህ ጊዜ አልተመለሰም። በመዳፋቸው ስር ያ ክብ ነገር እየተንሸራተተ ወርዶ ወርዶ መውጫው ላይ ገጥሞ ቆመ። «እንዳትለቂው» አለች አትጠገብ፤ ከዚያ በኋላ መናገር አልቻለችም። ምጡ ተከታትሎ መጣ። እናትየው በአንድ እጅ ልጁን ከላይ እንደያዙ በሌላው ከታች ተቀበሉት። ወንድ ነው። ሰማያዊ ሆኗል፤ አያለቅስም።

አፉን በጣታቸው ጠረጉ። ጀርባውን አሹት። እግሩን ይዘው ወደ ታች ዘቀዘቁትና እንደገና አሹት። አትጠገብ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች፤ የምትሰማው ግን የለም። ምን ያህል እንደቆየ አክስቴም አልነገረችኝም። የነገረችኝ፣ እዚያ የነበሩት ሴቶች በኋላ ዘመን ሁሉ ያንን ዝምታ ሲያወሩት ትንፋሻቸው ይቆራረጥ እንደነበር ነው።

ልጁ አንድ ጊዜ አነጠሰ። ከዚያ እየተነጫነጨ፣ እንደ ግልገል በቀጭኑ አለቀሰ።

እንግዴ ልጆቹ ማንም ሳይስባቸው በራሳቸው ጊዜ ወረዱ። ደሙም ቀስ በቀስ ቆመ። አትጠገብ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ቆማ መሄድ አቅቷት ኖራለች፤ በነፍሷ ግን ተረፈች። ወይዘሮ ዘርትሁን ሁለቱን ልጆች በጎንና በጎኗ አስተኝተው፣ ግንባራቸውን ከልጃቸው ክንድ ላይ ደፍተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። እንዲያ ሲያለቅሱ አይታ የምታውቅ ሴት በዚያ መንደር አልነበረችም፤ ለባላቸው ቀብር እንኳ እንዲያ አላለቀሱም። አትጠገብ ሌላ እጇን አንስታ ራሳቸውን ትዳብሳቸው ጀመር።

ደምለው ከደጅ የሰማው ይህንን ነበር። መጀመሪያ እልልታ፣ ቀጥሎ ረጅም ዝምታ፣ ቀጥሎ የአማቱ ልቅሶ። ሚስቴ ሞተች ብሎ በዝናቡ ውስጥ ተንበረከከ። ወንዶቹ ሊያነሱት ሲታገሉ እማማ ትርንጎ በሩን ከፍተው ብቅ አሉ።

«እማማ፣ ሞተች?» አላቸው።

እማማ ትርንጎ «አልሞተችም» ሲሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታዲያ እልልታው ለምን ቆመ? እሜቴስ ለምን ያለቅሳሉ? ውስጥ ምንድን ነው የሆነው?»

አሮጊቷ መቃኑን ተደግፈው፣ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ምን ልበልህ ልጄ» አሉት፤ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች።»