ሸክላ ሠሪዋ አንጓች እና የቆቅ አምባ አውሮፕላን

ዱሮ ነው ልጆቼ፤ ሰማዩ ለአሞራ ብቻ የተተወበት ዘመን ባለፈ በማግስቱ። በገደል በታጠረች ቆቅ አምባ በምትባል አገር አንጓች የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሏ ሞቷል። ያለቻት አንዲት ልጅ፣ ይታይሽ ብቻ ናት። በአንጓች ድስት ያልበላ፣ በአንጓች እንስራ ያልቀዳ አልነበረም። ቤቷ ገብቶ የሚቀመጥ ግን አልነበረም። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት፣ በዓይኗ ሰው ትበላለች ይባል ነበራ! እጇን ይፈልጉታል፣ ዓይኗን ይፈሩታል። የኛ ሰው እንዲህ ነው።

በዚያው ዘመን ሜዳው ተጠረገና ትንሽ አውሮፕላን በየማክሰኞው መምጣት ጀመረች። ስምንት ሰው ትይዛለች። ስትመጣም ስትሄድም በሁለት ተራሮች መካከል ባለው በር ትሾልካለች፤ ሌላ መንገድ የላትም። አንጓች ሸክላዋን የምታቃጥለው በማለዳ፣ ከዚያው ሜዳ ዳር ነው። ነፋሱን ያልለየ ሸክላው ይሰነጠቅበታል። እሷ ደግሞ ነፋሱን እንደ ልጇ ጠባይ ታውቀዋለች። ጭሷ ወደ ገደሉ የተኛ ቀን፣ ረፋዱ ላይ ጉም በሩን ይደፍነዋል።

አንድ ማክሰኞ ጭሱ ወደ ገደሉ ተኛ። አንጓች ወደ ተሳፋሪዎቹ ሮጣ ሄደችና፣ «ጌቶቼ፣ ዛሬ ይቅርባችሁ፤ ጉም ይመጣል» አለች። ሰማዩ ጠርቷል። ሳቁባት፣ ተሳፈሩ። አውሮፕላኗ በሩ ላይ ስትደርስ ጉሙ ዋጣት። ድምጿ ትንሽ ተሰማ፣ ከዚያ ጠፋ። ሬሳ ለቀማው ሦስት ቀን ፈጀ። አገሩም፣ «በልታቸው ነው እንጂ በምን አወቀች?» አለ። እንስራዋን የሚገዛት ጠፋ። እናትና ልጅ ቆሎ ቆርጥመው ያደሩበት ቀን ብዙ ነው።

ሁለት ክረምት አለፈ። ሌላ አውሮፕላን መጣች። ጭሱ እንደገና ወደ ገደሉ ተኛ። አንጓች ተነሣች፣ ተቀመጠች። ተነሣች፣ ተቀመጠች። ልጇን አየችና አፏን ያዘች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የአንጓች ዝምታ ግን ነቀዘ። ያን ቀን አምስት ሰው አለቀ፤ አንዷ አራስ ነበረች። አንጓችን የወቀሳት የለም። እሷ ግን እህል አልወርድላት አለ።

ዓመታት ሄዱ፣ ወሬውም በረደ። እንዲያውም ግራዝማች አየልኝ የሚባሉ ባለርስት ይታይሽን ለልጃቸው አጩ። የሸክላ ሠሪ ልጅ ለባለርስት ቤት! በቆቅ አምባ ታይቶ አይታወቅም። ሠርጉ ለእሑድ ተቆረጠ። ከእሑዱ በፊት ባለው ማክሰኞ ጭሱ ወደ ገደሉ ተኛ።

ብታስጠነቅቅ አይሰሟትም፤ ያንን አይታዋለች። ዝም ብትል ይሞታሉ፤ ያንንም አይታዋለች። ወደ ሜዳው ሄደች። ከአውሮፕላኗ ደጃፍ ቆመች፣ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፋች፣ ስምንቱን ተሳፋሪዎች አንድ በአንድ ዓይን ዓይናቸውን አየች።

«አዎን፣ ቡዳ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «የፊተኞቹን የበላሁ እኔ ነኝ። የዛሬዎቹንም እበላለሁ። የሚሳፈር ይሳፈር!»

አንድም የተሳፈረ የለም። አብራሪው ግራ ተጋብቶ ሞተሩን አጠፋ። ረፋዱ ላይ ጉም በሩን ደፈነው፣ በረዶ ሜዳውን ደበደበው። ግን ጉሙን ማን ልብ ይበለው? ሰው ድንጋይ እያነሳ ነበር። «በገዛ አፏ ተናግራለች!» ይላል ሁሉም።

ግራዝማች የዚያኑ ዕለት ሽማግሌ ልከው ጋብቻውን አፈረሱ። ይታይሽ እያለቀሰች፣ «እማዬ፣ ምነው ለእኔ አላሰብሽም?» አለቻት።

አንጓች የግንባሯን ደም ጠረገችና፣ «እነሱም የሰው ልጅ ናቸው፣ ልጄ» አለች።

በገደሉ መንገድ ወረዱ። ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም።

ነገሩ ለአገሩ የገባው በሳምንቱ አብራሪው ሲመለስ ነው። «ያን ዕለት ተነስተን ቢሆን በሩ ላይ ነበር የምናልቀው። ያቺ ሴት የት አለች? እጇን ልስማት ብዬ ነው» አለ። ሰዉ የገደሉን መንገድ አሳየው።

ከዚያ ጀምሮ በቆቅ አምባ መንገደኛ ሊነሳ ሲል፣ በእግርም ይሁን በመኪና፣ በዕድሜ የሚበልጠው ሰው «ቅር ያለው አለ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። አንድ ሰው «እኔ» ካለ መንገዱ ይቀራል። በምን አወቅህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። እናንተም አትጠይቁ።

ከስምንቱ ተሳፋሪዎች አንዱ አባቴ ነበር። እኔ የተወለድኩት በዓመቱ ነው። ግንባሯን የፈነከተው ድንጋይም የእሱ ነበር። ይህን የነገረኝ ሊሞት ሲል ነው።