ለደቅ አንዲት መስኮት

ተረቴ ከጣና ሐይቅ የወጣ ነው፤ እርጥብ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ያዙት።

አላምረው የሚባል ጀልባ ነጂ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ ሰው ያደርሳል። ሚስቱ ደብሬ ደግሞ ሐይቁ መሃል፣ ደቅ ደሴት ላይ፣ የታመመች እናቷን ታስታምማለች። ጀልባው ድሮ ደቅ ይቆም ነበር፤ አሁን ግን ቀጥታ እለፍ ተብሏል። ስለዚህ ባልና ሚስት አንድ ዘዴ አበጁ። እሷ ዳር ካለው ዋርካ ላይ ነጭ ነጠላዋን ትሰቅላለች፤ እሱ ነጠላውን ሲያይ ጡሩምባውን ሁለት ጊዜ ይነፋል። «ጡሩምባህን ካጣሁ ረሳኝ ብዬ ነጠላዬን አወርዳለሁ» ብላዋለች። ስትለው ስቃ ነበር፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ክረምት ገባና ጉም ወረደ። ነጠላውም፣ ዋርካውም፣ ደቅም ጠፉ። አላምረው ሦስት ማክሰኞ በግምት ነፋ። አንዴማ ገና ዘጌ አጠገብ ነፍቶ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ደረስን ብሎ ዕቃውን ይዞ ተነሳ። ደብሬ እንዳልሰማችው ልቡ ነግሮታል። ናፈቀችው፤ እህል እስኪያስጠላው ድረስ ናፈቀችው።

መሪው ፊት ለፊት መንገድ የሚያሳይ ስክሪን አለ። አራት መስኮት አለው፤ ጥልቀት፣ ፍጥነት፣ አቅጣጫና ሰዓት። የአላምረው ምኞት ትንሽ ናት፤ ከአራቱ በአንዷ ውስጥ ደቅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደቀረ እንዲጻፍለት። ያን ጊዜ በጉም ውስጥም የት እንደሚነፋ ያውቃል። ጣቱን አሳረፈበት። ስክሪኑ «ያለ ሚስጥር ቁጥር ፍንክች አልልም» አለ።

ቁጥሩን የሚያውቀው የስክሪኑ ባለሙያ ናሁሰናይ ነው። «ናሁ፣ እባክህ ቁጥሯን ጣል አድርግልኝ።»

«ካፒቴን፣ እርስዎን ይንሳኝ፣ ያለ ደብዳቤ ከነካሁት ከሥራዬ እባረራለሁ።»

ናሁሰናይ ቁጥሩን አይነካ፣ ስክሪኑ ደቅን አያሳይ፣ ጡሩምባው ከደብሬ አይደርስ።

አላምረው ቢሮ ሮጦ ደብዳቤ አስጻፈ። ደብዳቤው ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ጠረጴዛ ላይ ተጋደመ። «ማህተም ሳይረግጠኝ ማን ያምነኛል?» አለ።

ደብዳቤው ናሁሰናይን አያሳምን፣ ናሁሰናይ ቁጥሩን አይነካ፣ ስክሪኑ ደቅን አያሳይ፣ ጡሩምባው ከደብሬ አይደርስ።

ማህተሙን ፈለገው። ማህተሙ ከመሳቢያ ውስጥ ሆኖ «እኔስ ለመርገጥ መቼ ሰነፍኩ? ተቆልፎብኝ ነው እንጂ» አለ። ቁልፉ ደግሞ የመዝገብ ቤቷ የወይዘሮ ብርቄ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል።

ቁልፉ ማህተሙን አይፈታ፣ ማህተሙ ደብዳቤውን አይረግጥ፣ ደብዳቤው ናሁሰናይን አያሳምን፣ ናሁሰናይ ቁጥሩን አይነካ፣ ስክሪኑ ደቅን አያሳይ፣ ጡሩምባው ከደብሬ አይደርስ።

ብርቄን ወደቡ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ዓይኗን ከሐይቁ አልነቀለችም።

«እትዬ ብርቄ፣ ቁልፉን ፈልጌ ነበር።»

«አላምረው ወንድሜ፣ የቁልፍ ነገር አሁን ነው? ቸኮለ ዓሣ ላወጣ ብሎ ማለዳ በታንኳ እንደወጣ ቀረብኝ። ባሌን በዓይኔ ሳላይ ከዚህ አልነሳም። ቁልፉንም ለማንም አላወርድም!»

አላምረው አጠገቧ ቁጭ አለ። የምትጠብቅ ሴት እንዴት እንደምታይ አየ። ደብሬም ይኼኔ ዋርካው ሥር እንዲህ ተቀምጣ ይሆናል ብሎ አሰበ።

ታንኳው የት ነበር ብትሉ፣ ጉሙ መሃል ተገትሯል። «ወዲህ ና የሚለኝ ድምፅ ካልሰማሁ አልንቀሳቀስም» ይላል።

ጉሙ ታንኳውን አይለቅ፣ ታንኳው ብርቄን አያስነሳ፣ ብርቄ ቁልፉን አታወርድ፣ ቁልፉ ማህተሙን አይፈታ፣ ማህተሙ ደብዳቤውን አይረግጥ፣ ደብዳቤው ናሁሰናይን አያሳምን፣ ናሁሰናይ ቁጥሩን አይነካ፣ ስክሪኑ ደቅን አያሳይ፣ ጡሩምባው ከደብሬ አይደርስ። እኔ ራሴ ትንፋሽ አጠረኝ፤ አላምረውማ ምን ይበል!

«ምነው ድምፅ አውጥቶ የሚጠራው በተገኘ!» አለች ብርቄ።

አላምረው ብድግ አለ። ለካ እጁ ላይ ላለው ነገር ነው አገር ለአገር የሚዞረው! ጀልባው ላይ ዘሎ ወጣ፤ ሞተሩን አስነሳ፤ ጡሩምባውን ነፋ። የወደቡ ሰው ጆሮውን እስኪይዝ ነፋ። ለራሱ ሚስት መንፋት ቢያቅተው ለሰው ባል ነፋ። ሲነፋ፣ ሲነፋ፣ የታንኳው አፍንጫ ከጉሙ ብቅ አለ። ቸኮለ ብርድ እያንቀጠቀጠው ወረደ።

«አንተ ሰው፣ ጡሩምባህን ከሰማሁማ ቆየሁ! ውሃ የምጨልፍበትን ጣሳ እየቀጠቀጥኩ አለሁ፣ አለሁ ስልህ ነበር። ያ ሞተርህ እየጮኸ በየት በኩል ትስማኝ!»

ጉሙ ታንኳውን ለቀቀ፣ ታንኳው ብርቄን አስነሳ፣ ብርቄ በአንድ እጇ ባሏን እንደያዘች ቁልፉን አወረደች፣ ቁልፉ ማህተሙን ፈታ፣ ማህተሙ ደብዳቤውን ረገጠ፣ ደብዳቤው ናሁሰናይን አሳመነ፣ ናሁሰናይ ቁጥሩን ነካ፣ ስክሪኑም ተከፈተ።

«ካፒቴን፣ መስኮቶቹ አራት ብቻ ናቸው» አለ ናሁሰናይ። «ለደቅ ቦታ እንዲገኝ የቱ ይውጣ?»

«ሰዓቱን አውጣልኝ» አለ አላምረው። «እሱ ከደብሬ ከተለየሁ ስንት ጊዜ እንደሆነ ከመንገር በቀር ሥራ የለውም።»

ማክሰኞ መጣ። ጉሙ እንደ ወትሮው ሐይቁ ላይ ተኝቷል። የደቅ መስኮት ግን ትቆጥራለች። አሥራ አንድ አለች። ሰባት አለች። ሦስት አለች። አንድ ስትል አላምረው ሁለት ጊዜ ነፋ። ድሮ ነፍቶ ያልፍ ነበር፤ አሁን የቸኮለ ጣሳ ትዝ አለውና ሞተሩን አጠፋ።

«ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?» አለ ተሳፋሪው።

«እባካችሁ ዝም በሉልኝ።»

ዝም አሉ። ከጉሙ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ጣሳ ሲቀጠቀጥ ተሰማ። ሁለቴ ተመታ፣ ቆም አለ፤ ደግሞ ሁለቴ ተመታ። ነጠላዋ በጉም እንደማይታይ ደብሬ ከሱ ቀድማ አውቃለች። ሦስቱንም ማክሰኞ የሞተሩን ድምፅ በሰማች ቁጥር ስትቀጠቅጥ ነበር፤ እሱ ነው ሳይሰማት ያለፈው።

አላምረው መሪውን ተደግፎ አለቀሰ። ከዚያ እንደገና ነፋ፤ ጣሳውም መለሰ። ጡሩምባው ከደብሬ ደረሰ፣ ጣሳው ከአላምረው ደረሰ። ጎርጎራ ዘግይተው ገቡ፤ ማንም አልተቆጣም።

ተረቴም ደረሰ፤ አሁን ዕቃችሁን ይዛችሁ መነሳት ትችላላችሁ።