ጢም ያሳደገው ጸጉር አስተካካይ

ዱሮ ነው። እንስሳት አፍ አውጥተው ይናገሩ የነበረበት ዱሮ አይደለም፤ በሰፈሩ አንድ ስልክ ብቻ የነበረበት፣ እሱም የማይናገርበት ዱሮ ነው።

ባቡር በሚያልፍባት አንዲት ሞቃት ከተማ ቁልቋል ሰፈር የሚባል ሰፈር ነበር። በቁልቋል ሰፈር ማንያዘዋል የሚባል ጸጉር አስተካካይ ነበር። ሀብታም አልነበረም፤ ጀግና አልነበረም፤ ጠበል አላፈለቀም፤ ዘንዶ አልገደለም። አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ አንድ ቶንዶስና አንድ ምላጭ ነበረው። ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሳው ጢሙን ባለመላጨቱ ነው።

በዚያ አገር ወንድ ልጅ ሰው ሲሞትበት ጢሙን ይተወዋል። አርባ ቀን አይላጭም። አባት የሞተበት ያሳድጋል፤ ወንድም የሞተበት ያሳድጋል፤ አጎት የሞተበትም፣ ውርስ ካለ፣ ያሳድጋል። ጓደኛ የሞተበት ግን ቀብሮ፣ ንፍሮውን ቆርጥሞ፣ በማግስቱ ተላጭቶ ሥራው ይገባል። ደንቡ ይኸው ነው።

ማንያዘዋል አራት ጓደኞች ነበሩት። ክንፈ ባቡር ጣቢያ ትኬት ይቆርጣል፤ ከመወፈሩ የተነሳ የትኬቱ መስኮት ለሱ ተለክቶ የተሠራ ይመስል ነበር። ነጋሽ የመኪና ወንበር ያለብሳል። ልሳነወርቅ ዲያቆን ነበር፤ ዲቁናውን ትቶ ድምፁን ይዞ ወጣ። አስናቀ ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች አሉት። እሁድ ከሰዓት በኋላ አምስቱ በጸጉር ቤቱ መጋረጃውን ጋርደው ካርታ ይጫወታሉ።

እነዚህ አምስት ሰዎች ልባቸው ወደ ሴት ሳይሆን ወደ ወንድ የሚያደላ ወንዶች ነበሩ። ለእንዲህ ያለ ሰው ቋንቋችን ስድብ በብዛት አዘጋጅቷል፤ ስም ማውጣቱን ግን ረስቶታል። ስለዚህ እነሱ ራሳቸው «ዜጋ» ይባባሉ ነበር። ቃሉ ከመንግሥት አፍ የተወሰደ ነውና ማንም አይጠረጥረውም። አንድ እሁድ የቀበሌው መኪና በድምፅ ማጉያ «ማንኛውም ዜጋ ነገ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት በአዳራሹ እንዲገኝ» እያለ አለፈ። ካርታው ከእጃቸው ወደቀ።

«ማንኛውም ዜጋ ከመጣ አዳራሹ ይበቃል?» አለ ነጋሽ።

«ክንፈን ቀድመው ካስቀመጡት አይበቃም» አለ ልሳነወርቅ።

አስናቀም ሳቀ። ግን መጋረጃውን ገልጦ መንገዱን አየ። እሱ እየሳቀም መንገድ ያይ ነበር።

ከዚያ በሽታው መጣ። ዛሬ ኤድስ ብለን ደፍረን እንጠራዋለን፤ ያኔ ሰው «አመንምን» ይለው ነበር፤ ያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። መድኃኒቱ ገና አልደረሰም። ወሬው ደርሷል።

መጀመሪያ የታመመው ክንፈ ነው። ወፍራሙ ክንፈ ቀበቶው ላይ ቀዳዳ ጨመረ። ሌላ ጨመረ። በመጨረሻ ቀበቶውን ትቶ ገመድ ታጠቀ። ከተከራየበት ግቢ ሳህኑንና ኩባያውን ለዩበት፤ ቀጥሎ የቧንቧውን ሰዓት ለዩበት። ከሥራ ቀረ፤ ከመንገድ ቀረ፤ ከሰው ቀረ። አንድ ነገር ብቻ አልተወም፤ በየሁለት ቀኑ መላጨት ይፈልጋል። በከተማው አምስት ጸጉር አስተካካዮች ነበሩ። አራቱ ምላጫችን ደንዟል አሉ።

ማንያዘዋል ሄደ። ክፍሉ ጨለማ ስለሆነ ወንበሩን አውጥቶ በር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ይላጨው ጀመር።

«እዚያው አልጋዬ ላይ አትላጨኝም? ሰው እያየህ ነው» አለ ክንፈ።

«ብርሃን ከሌለ እቆርጥሃለሁ።»

«እሺ። ትኬት ቆራጭ ጢሙ ተንጨባሮ መስኮት ላይ አይቀመጥም።»

«የትኛው መስኮት ላይ ልትቀመጥ ነው?»

«ላይኛው። እዚያም ወረፋ አለ ይላሉ።»

ሰፈሩ አየ። ያየ ደግሞ ላላየው ነገረ። ማንያዘዋል ለክንፈ ለብቻው ምላጭ ገዝቶ ነበር፤ ሆኖም ምላጩን የጠየቀው የለም። ከአሥር ደንበኞቹ ሦስቱ ብቻ ቀሩለት። ከሦስቱ አንዱ ዓይነ ስውር ነው።

ክንፈ በኅዳር ሞተ። ድንኳን ተተከለ። ለሁለት ዓመት ያልጠየቁት ወንድሞቹ መጥተው ፍራሹ ላይ ተቀመጡና ጢማቸውን ጀመሩ። ማንያዘዋል ሊገባ ሲል በር ላይ ያለው ሰው፣

«የሟች ምኑ ነህ?» አለው።

«ጓደኛው ነኝ።»

«ጓደኛ ወደዚያ» አለና በስተውጭ ያለውን አግዳሚ አሳየው።

ማንያዘዋል ወደዚያ ሄዶ ተቀመጠ። በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ መስታወቱ ፊት ቆመ። አገጩን ሳሙና ቀባ። ምላጩን አነሳ። አገጩን አየና ምላጩን መልሶ አስቀመጠ። ሳሙናውን ታጠበ። አርባ ቀን ነው ብሎ አሰበ፤ አርባ ቀን ምንም አይደለም።

ቀኑን ይቆጥር ጀመር። ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርስ ነጋሽ ሞተ።

ነጋሽ ዘመድ አልነበረውም፤ ወይም ነበረውና መንገዱ ራቀው። የእድሩ ገናዥ መጥቶ እስከ በሩ ደረሰ፤ ከበሩ ላይ ሆኖ አስከሬኑን አየ፤ ወገቤን አሞኛል አለና ተቀመጠ። ወገቡ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጤነኛ ነበር። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አስከሬን ሳይታጠብ አይቀበርም፤ የሚያጥበው ደግሞ የለም።

«ውሃውን አሙቁልኝ» አለ ማንያዘዋል፣ እጅጌውን እየሰበሰበ።

የሞቀውን ውሃ ይዛ የመጣችው ጎረቤት ከደጃፉ ላይ ቆመች።

«የሟች ምኑ ነህ?» አለችው።

«ጓደኛው ነኝ።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ቀለለበት። ጓደኛ ማለት አብሮ ሻይ የሚጠጣም ሰው ነው። ሌላ ቃል ፈለገ፤ አላገኘም። ውሃውን ተቀበላትና ነጋሽን አጠበ። ላጨው። ገነዘው። የመኪና ወንበር ሲያለብስ የኖረውን ሰው እሱ አለበሰው።

በቀብሩ አስናቀ አልመጣም። ፈተና እያረምኩ ነው ብሎ ላከ። በክንፈም ቀብር ፈተና እያረመ ነበር። በዚያ ዓመት የእሱ ተማሪዎች ብዙ ተፈትነዋል።

ሠላሳ አንድ የነበረው ቀን ወደ አንድ ተመለሰ። የማንያዘዋል ጢም ወፈረ። የቀሩት ደንበኞች ይቀልዱበት ጀመር።

«ማንያዘዋል፣ ለራስህ ወረፋ አልደረሰህም?»

«አልደረሰኝም። ከፊቴ ሰው አለ» ይላል።

ከፊቱ በእርግጥ ሰው ነበረ። በሠላሳ ሰባተኛው ቀን ልሳነወርቅ ሞተ። እናቱ «ሳንባ ነው፤ ሳንባ ነው» እያሉ ከድንኳን ደጃፍ እስከ መቃብር ለሁሉም ተናገሩ። ማንም ሌላ ነገር አልጠየቃቸውም ነበር። ፍትሐቱን ካህናት አደረሱ፤ ከሁሉም የሚሻለው ድምፅ ሳጥን ውስጥ ነበር። ማንያዘዋል አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ቀኑ ሦስተኛ ጊዜ ወደ አንድ ተመለሰ።

አሁን ጢሙ አንገቱን ሸፈነ። ሰፈሩም መሳቁን ተወ። አንዲት ሴት በቧንቧ ወረፋ ላይ አንድ ነገር ተናገረች፤ በማግስቱ ሁሉም አወቀው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዘመድ ሳይሞትበት ጢሙን ያሳደገ ሰው ሞት ይጠራል። ይኸው፣ ጢሙ አንድ ጣት ሲሞላ ነጋሽ ሄደ፤ ሁለት ጣት ሲሆን ልሳነወርቅ ሄደ። ክንፈ የሞተው ከጢሙ በፊት ነው የሚል ሰው አልተገኘም። ቁልቋል ሰፈር ሞቱ ጢሙን እንዳመጣው ሳይሆን ጢሙ ሞቱን እንዳመጣው አምኖ ተቀመጠ። ሰው ልጁን ይዞ በጸጉር ቤቱ ሲያልፍ መንገድ መሻገር ጀመረ።

እድሩ ተሰበሰበ። የእድሩ ሰብሳቢ ባሻ እሸቴ ነበሩ፤ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደንብ የሚወዱ ሰው ናቸው። ጸሐፊው አስናቀ ነው፤ ጽሕፈቱ ስለሚያምር። ማንያዘዋልን ከሰፈሩ ግራር ሥር መሐል ላይ አቆሙት።

«አባትህ አሉ?» አሉ ባሻ።

«ካረፉ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው።»

«እናትህስ?»

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ታዲያ ይህ ጢም የማን ነው?»

«የክንፈ ነው። የነጋሽ ነው። የልሳነወርቅ ነው።»

አስናቀ አንገቱን ደፍቶ ወረቀቱን አየ።

«ምንህ ናቸው?» አሉ ባሻ።

ሁለት ጊዜ ጓደኛ ብሎ ነበር፤ ቃሉ አንዴ ወደ አግዳሚው ወስዶታል፤ አንዴ ከአፉ ሲወጣ ቀልሎበታል። ሦስተኛ አላለውም።

«ዜጎቼ ናቸው» አለ።

ባሻ አሰቡበት። ከቀበሌ ጋር የሚያጣላ ነገር እንዳይሆን ሠጉ። «ልጄ፣ ዜግነት በእድሩ ደንብ ውስጥ የለም» አሉ በቀስታ። «ደንቡ አባት ይላል፤ እናት ይላል፤ ወንድም እህት ይላል። አማት እንኳ ይላል።»

«ኧረ አማትን አውጡልኝ» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰዉ ሳቀ።

በስብሰባው ሁሉ «ዜጎቼ» የሚለው ቃል የገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ አልሳቀም። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ወይ ዛሬውኑ ትላጫለህ፣ ወይ ከእድሩ ትሰረዛለህ» አሉ ባሻ። «ሰፈሩ ፈርቷል። እኔም ብሆን ልጆች አሉኝ።»

ከእድር መሰረዝ ቀላል ነገር አይደለም። የተሰረዘ ሰው ቢሞት ድንኳን አይተከልለትም፤ ሳጥኑን የሚሸከም አይላክለትም፤ በሩ ላይ የሚቆም የለም። ሰው በሕይወቱ ብቻውን ቢሆን ይችለዋል። በዚያ አገር በሞቱ ብቻውን መሆን ግን ስድብ ነው። ማንያዘዋል ይህን ያውቃል። ነጋሽን ያጠበ ሰው ከማንም ይበልጥ ያውቃል።

«እንግዲያው ሰርዙኝ» አለ። «ገና ሠላሳ አራት ቀን ይቀረኛል።»

ባሻ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ጻፍ እንጂ፣ መምህር።»

አስናቀ ጻፈ። ጽሕፈቱ እንደ ወትሮው አማረ።

ከዚያ በኋላ ማንያዘዋል ሱቁን እየከፈተ ባዶ ወንበሩን ሲጠርግ ዋለ። አንድ ቀን እንዲህ ዋለ፤ ሁለት ቀን እንዲህ ዋለ። በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አስናቀ መጣ። ክንፈ ከታመመ ወዲህ በጸጉር ቤቱ ደጅ አላለፈም ነበር። ኮቱን እንደለበሰ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጉንጩ ላይ የስድስት ቀን ጢም አለ።

ማንያዘዋል በመስታወቱ አየው። ማን ሞተብህ አላለውም። ለምን ጻፍክ አላለውም። ፈተናውን አርመህ ጨረስክ ወይ ማለት ምላሱ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠው።

«ስንተኛ ቀንህ ነው?» አለው።

አስናቀ በጣቱ መቁጠር ጀመረና ተወው።

«አላውቅም» አለ። «ሦስት ናቸው፤ አንዱንም አልጀመርኩም። ከማን ልቁጠር?»

«ከዛሬ ቁጠር» አለ ማንያዘዋል። «ሁሉንም ይይዛል።»

አስናቀ ከነጢሙ ትምህርት ቤት ገባ። ርእሰ መምህሩ ማን ሞቶብህ ነው አለው። ሰው፣ አለ አስናቀ። ባሻ እሸቴ ጠርተው ያንተስ የማን ነው አሉት። የኔም የእነዚያው የሦስቱ ነው አለ። ለሚስቱ ምን እንዳላት አይታወቅም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ከል ለብሳ ገበያ ስትወጣ ታይታለች፤ ምንሽ ነው ላሏትም ዘንቢሏን አንስታ አልፋለች።

የማንያዘዋል አርባ ቀድሞ ሞላ። መላጨት ይችል ነበር፤ አልተላጨም፤ አስናቀን ጠበቀው። የአስናቀ አርባ ሲሞላ ወንበሩን አውጥተው በር ላይ፣ ሰው እያየ፣ ተላላጩ። መጀመሪያ ማንያዘዋል አስናቀን ላጨው። ቀጥሎ አስናቀ ምላጩን ተቀብሎ ማንያዘዋልን ላጨው፤ ሁለት ቦታም ቆረጠው።

«አገር ሁሉ ታስተምራለህ፤ አገጬን ግን አታውቀውም» አለው ማንያዘዋል፣ ደሙን በፎጣ ይዞ።

ማንያዘዋል ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረ የሚሉ አሉ፤ አሥር የሚሉም አሉ። በምን እንደሞተ ሁሉም የየራሱ አለው። ሲሞት ግን ከእድሩ እንደተሰረዘ ነበር። ድንኳን አልተተከለም። አስናቀና ሚስቱ አስከሬኑን ይዘው ተቀመጡ፤ ሁለት ሰው ሳጥን አይሸከምም።

የጠዋቱ ባቡር ገባ። ከባቡሩ ወንዶች ወረዱ። ሃያ የሚላቸው አለ፤ አርባ የሚላቸው አለ። አንዱ ሾፌር ይመስላል፤ አንዱ ባንክ ቤት የሚሠራ ይመስላል፤ አንዱ የጠመጠመ ሽማግሌ ነው። እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁት ጥቂቶች ናቸው። ማን እንደጠራቸው አይታወቅም። ሁሉም ግን ጢማቸው አልተላጨም። አስናቀ በር ላይ ቆሞ ነበር። አንዱንም ምኑ ነህ አላለውም፤ እየተቀበለ ወደ ውስጥ አስገባቸው። ከዚያ ሳጥኑን አነሱ።

ባሻ እሸቴ መንገድ ዳር ነበሩ። ሳጥኑ በፊታቸው ሲያልፍ አንዱን ጫፍ ተቀበሉ የሚሉ አሉ። ባርኔጣቸውን ብቻ አነሱ የሚሉም አሉ። እኔ የባርኔጣው ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ለባሻ ባርኔጣም ብዙ ነው።

ያየሁትን ከሰማሁት ሳልለይ ነገርኳችሁ፤ የምትለዩት እናንተ ናችሁ። ከዚያ ወዲህ በቁልቋል ሰፈር ጢሙን ያሳደገ ወንድ ጸጉር ቤት ሲገባ ማን ሞተብህ ተብሎ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። ጸጉር አስተካካዩ ፎጣውን አንገቱ ላይ ያደርግለትና «ስንተኛ ቀንህ ነው?» ይለዋል። አርባ የሞላው ይላጫል። ያልሞላው ውሃ ጠጥቶ፣ አረፍ ብሎ ይሄዳል። አንዳንዴ ግን ዝም የሚል ሰው ይመጣል፤ ሟቾቹ የበዙበት፣ ወይም ሟቹን ሊጠራ የማይችል። ያን ጊዜ ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን ይከድንና «ከዛሬ ቁጠር» ይለዋል።