ጥሩምባ ሳይነፋ የማይከፈተው ምንጭ

ጆሮ ያለው ጆሮውን ያውሰኝ፤ አፍ ያለው አብሮኝ ይበል።

በወሎ ቆላ፣ ዋንዛ በር በምትባል መንደር፣ ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ነበረች። ዝናብ በራቀበት ዓመት ልጇ አልጣሽ በማለዳ ወንድ ልጅ ተገላገለች። አራሷ ዓይኗን ገልጣ «እማዬ፣ ውሃ» አለች። ሌላ ነገር አልጠየቀችም። እንስራው ግን ደርቋል፤ የጎረቤቱም ሁሉ ደርቋል። ማንጠግቦሽ ቅሏን አንስታ ወደ ምንጩ ወረደች።

ምንጩ በእሾህ በር ተዘግቷል። የውሃ ዳኛው አባ ይመር ጥላ ስር ተቀምጠዋል።

«አባ ይመር፣ አንድ ቅል ብቻ ይፍቀዱልኝ። ልጄ አራስ ናት።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት፣ ልጄ። ሕጉን ግን ታውቂዋለሽ። በድርቅ ጊዜ ጥሩምባ ሳይነፋ፣ መንደሩ ሳይሰበሰብ፣ ማንም ብቻውን አይቀዳም።»

«አራስም?»

«አራስም።»

«ይሄ ሕግ ነው ወይስ ድንጋይ?» አለችና ወደ ጥሩምባ ነፊው ወደ ሙሄ ሮጠች።

«ሙሄ፣ ኧረ ንፋ! ምንጭ ያለ ጥሩምባ አይከፈትም፤ አልጣሽም ውሃ አልጠጣችም።»

ሙሄ ጥሩምባውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ አንገቱን ደፋ። «እትዬ፣ ትናንት በሬዬ የዘለቀን አጥር ጥሶ ማሽላውን በላበት፤ ከሰሰኝ። የተከሰሰ ሰው ይቅር ሳይባል ጥሩምባ አይነፋም። ሰው ያስቀየመ አፍ ሰው አይጠራም ይላል ሕጉ።»

ወደ ዘለቀ ሄደች። «ዘለቀ፣ ሙሄን ይቅር በለው። ጥሩምባ ያለ ይቅርታ አይነፋም፤ ምንጭ ያለ ጥሩምባ አይከፈትም፤ አልጣሽም ውሃ አልጠጣችም።»

«ይቅር ማለትስ እወድ ነበር» አለ ዘለቀ የተረገጠውን ማሽላ እያየ። «የፈረሰው ሳይታጠር የሚሰጥ ይቅርታ ግን በሕጋችን ይቅርታ አይባልም። አጥሩ ግራር ይፈልጋል።»

ወደ ደን ጠባቂው ወደ ጓንጉል ወጣች። «ጓንጉል፣ አንድ የግራር ቅርንጫፍ ቁረጥልኝ። አጥር ያለ ግራር አይታጠርም፤ ይቅርታ ያለ አጥር አይገኝም፤ ጥሩምባ ያለ ይቅርታ አይነፋም፤ ምንጭ ያለ ጥሩምባ አይከፈትም፤ አልጣሽም ውሃ አልጠጣችም።»

«ግራር የሚያስቆርጥ መጀመሪያ ችግኝ ይተክላል።»

«በዚህ ድርቅ?»

ጓንጉል ራሱ አፈረ። መጥረቢያውን ግን አላነሳም። «በዚህም ድርቅ።»

ችግኝ የምታፈላው እትዬ ከድጃ ናት። ማንጠግቦሽ እያለከለከች ደረሰች። «እትዬ ከድጃ፣ ችግኝ! ግራር ያለ ችግኝ አይቆረጥም፤ አጥር ያለ ግራር አይታጠርም፤ ይቅርታ ያለ አጥር አይገኝም፤ ጥሩምባ ያለ ይቅርታ አይነፋም፤ ምንጭ ያለ ጥሩምባ አይከፈትም፤ አልጣሽም ውሃ አልጠጣችም!»

ከድጃ በሐዘን አየቻት። «ችግኝ ለተኳረፈ እጅ አይሰጥም። ለሙሄ እንዳልሰጥ ከዘለቀ ተጣልቷል። ላንቺ እንዳልሰጥ ከዘነበች ተኳርፈሻል።»

ዘነበች የአልጣሽ ባል እናት ናት። ሁለቱ ሴቶች በሠርጉ ማግስት በአንድ ክፉ ቃል ተለያይተው፣ እስከዚያች ቀን ሰላም አይባባሉም ነበር።

ወደ ዘነበች ቤት የሚወስደው መንገድ በምንጩ በኩል ያልፋል። አባ ይመር ሶላት ላይ ነበሩ፤ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ማንጠግቦሽ ቆመች። በእሾሁ ቀዳዳ ስታይ ውሃው እንደ እንባ ቀጥኖ ያበራል። ጎንበስ ብላ እጇን ሰደደች። እሾሁ ቧጨራት፤ አልተወችም። ጣቶቿ ውሃው ጋ ሊደርሱ ሲሉ በዙሪያው ያለውን ጭቃ አየች። ልሙጥ ነበር። መንደሩ ሁሉ ጠምቶት አድሯል፤ የሚያለቅስ ልጅ የሌለው ቤት የለም፤ ጭቃው ላይ ግን የአንድ ሰው እጅ አሻራ እንኳ አልነበረም። እጇን መለሰች። ልቧ እየተቃጠለ መንገዷን ቀጠለች።

ዘነበች ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀድማ የተናገረች እሷ ናት። «እልልታውን ከሩቅ ቆጠርኩት። ወንድ ነው አይደል?»

ማንጠግቦሽ ቅሏን መሬት አስቀመጠች። «ወንድ ነው። እኔ ነበርኩ መንገር የነበረብኝ። በድዬሻለሁ።»

«ለችግኙ ነው የመጣሽው ወይስ ለኔ?»

«አልዋሽሽም፤ ለችግኙ ነው። ደጅሽ ስደርስ ግን አፈርኩ። ነይ፣ የልጅ ልጅሽን እዪ።»

 ዘነበች ነጠላዋን ሳበችና ተነሳች። ተሳሳሙ።

እርቁ ወረደ፤ ከድጃ ችግኙን ሰጠች። ችግኙ ተተከለ፤ ጓንጉል ግራሩን ቆረጠ። ግራሩ ተቆረጠ፤ ሙሄ አጥሩን አጠረ። አጥሩ ታጠረ፤ ዘለቀ ይቅር አለ። ይቅርታው ተሰጠ፤ ጥሩምባው ተነፋ። ጥሩምባው ተነፋ፤ መንደሩ ቅል ቅሉን ይዞ ወረደ፤ አባ ይመርም የእሾሁን በር አነሱ።

«አራስ ያለባት ቤት ትቅደም። ይህም ሕግ ነው» አሉ።

ማንጠግቦሽ ቀዳች። ቀና ብላ ግን «ልጄ ሞታብኝ ቢሆን ኖሮስ?» አለቻቸው።

«አብሬሽ አለቅስ ነበር። በሩን ግን አልከፍትም ነበር» አሉ አባ ይመር። «ሕጉ ሳይወጣ በፊት ጉልበት ያለው ነበር የሚቀድመው። በአንዱ ድርቅ እናቴ እኔን ወልዳ ተኝታ ሳለ ውሃ የሚቀዳላት ሰው እዚህ ሲደርስ ጭቃ ብቻ ጠበቀው። እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ናት።»

 ማንጠግቦሽ አንድ ጠብታ እንዳይፈስ ቅሉን በሁለት እጇ አቅፋ ወደ ቤት ወጣች። ዘነበች የአልጣሽን አንገት ደገፈች፤ ማንጠግቦሽ ቅሉን ወደ አፏ አስጠጋች፤ አልጣሽም ውሃ ጠጣች።

እኔም እዚህ አበቃሁ። ተረቴን ጠጡ፤ ቅሌን መልሱ።