የእትዬ አመለወርቅ ካውያ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም። ታሪኩን የነገረኝ ራሱ ነው፤ «ንገራቸው፣ ስሜን ግን ተወው» ብሎኛል።

ይህ ሰው አሰላ ከተማ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል፣ ማታ ቤቱ ሲገባ አንድ ደስታ አለችው። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ጌም ይጫወታል።

የምትስቁ አላችሁ። አትሳቁ። የሰውየው ታናሽ ወንድም ሐዋሳ ነው የሚኖረው። ሁለቱ ወንድማማቾች ስልክ ሲደዋወሉ ከ«ደህና ነህ?» እና «ደህና ነኝ» አያልፉም። ጌሙ ላይ ሲገናኙ ግን፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ በየተራራው መኪና እያሽከረከሩ፣ ስለ እናታቸው ሕመም ያወራሉ፤ ስለ ሥራ ያወራሉ፤ ለሌላ ሰው የማያወሩትን ያወራሉ። እናንተስ ከወንድማችሁ ጋር የምታወሩበት ቦታ አላችሁ? ካላችሁ ይህን ሰው አትንቁት።

ኮምፒውተሩን የገጣጠመው ራሱ ነው። በዚህም ይኮራል። መድኃኒት ቤት ውስጥ ማሽን ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ወንድሙ አዲስ ጌም ጫነና «አንተም ጫን» አለው። ጫነ። ግን ከባድ ነበር፤ ሥዕሉ እየተቆራረጠ አላስኬድ አለው። ሥዕሉን የሚሠራው ዕቃ፣ ግራፊክስ ካርድ የሚሉት፣ አርጅቶበታል። ስለዚህ ከሚስቱ ከሰናይት ጋር ተመካክሮ አዲስ ሊገዛ ኑረዲን የሚባል የኮምፒውተር ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ሄደ።

ኑረዲን ካርዱን ከካርቶኑ ሳያወጣ አንድ ነገር ጠየቀው።

«ፓወር ሰፕላይህ ይችለዋል?»

ፓወር ሰፕላይ ማለት ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ያለ ሳጥን ነው። ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚያድለው እሱ ነው።

«ማሽኑን የገጣጠምኩት እኔ ነኝ» አለ ሰውየው።

«እሱማ ጎበዝ ነህ። ይሄ ካርድ ግን በጣም በላተኛ ነው። አሮጌው ካልቻለው ጨዋታ መሃል ያጠፋብሃል።»

«ይችለዋል አልኩህ።»

«እሺ ጌታዬ፣ አንተ ካልክ። የኔ ሥራ መጠየቅ ነው።»

ካርዱን ይዞ ገባ፣ ገጠመው፣ ከፈተው። እንዴት ያምር ነበር! ዛፉ ላይ ያለው ቅጠል አንድ በአንድ ይታያል። ሰናይትን እንኳ ጠርቶ አሳያት። ወንድሙ ገባ፣ ውድድሩ ተጀመረ፣ መኪኖቹ ተፋጠጡ፤ ልክ በዚያች ሰዓት ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ።

ስልኩ ጮኸ። ወንድሙ ነው።

«ልትሸነፍ ስትል ሶኬት ነቀልክ አይደል?»

«መብራት ነው ባክህ!»

መብራት ነው። ወገኖቼ፣ በእኛ አገር ይህቺ ቃል ስንቱን ሸፍናለች! ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አይመረምርም። ብዙ ጊዜ እውነት ስለሆነች፣ እውነት ባልሆነችበትም ቀን እናምናታለን።

በማግስቱም ጠፋበት፤ በሦስተኛውም ቀን። ኃይል ያስተካክላል የተባለ ስታቢላይዘር ገዝቶ ሰካ። ጠፋበት። ወንድሙ መሳለቅ ጀመረ፤ «ዛሬስ እስከ ስንተኛው ኩርባ ነው የምታደርሰኝ?» ይለዋል። ቀስ በቀስ ወንድሙ ከሌሎች ሰዎች ጋር መጫወት ጀመረ። ሰውየው በዚህ ተቃጠለ።

አንድ ማታ ታዲያ ቀና ሲል የክፍሉ አምፖል ደብዘዝ ሲል አየ። «አገኘሁት!» አለ።

ምን አገኘ? እዚያው ጊቢ ውስጥ አንዲት ሴት ይኖራሉ። እትዬ አመለወርቅ ይባላሉ፤ ልብስ ሰፊ ናቸው። የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ በዚሁ ሥራ ነው የሚተዳደሩት። የራሳቸው ቆጣሪ የላቸውም፤ መብራት የሚያገኙት ከዚህ ሰው ቤት በተዘረጋ ገመድ ነው። ድርሻቸውን ይከፍላሉ፣ እንዲህ ሆነው ዓመታት ኖረዋል፣ ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። እትዬ አመለወርቅ ቀን ሲሰፉ ውለው፣ ማታ ማታ የሰፉትን በኤሌክትሪክ ካውያ ይተኩሳሉ። ካውያው ሲሰካ ደግሞ የጊቢው አምፖል ሁሉ ደብዘዝ ይላል።

እሳቸው የሚተኩሱት ማታ፤ እሱ የሚጫወተው ማታ። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ሄዶ በራቸው ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ካውያውን ሲሰኩ የኔ ኮምፒውተር እየጠፋ ነው።»

«ምን አልክ ልጄ? የኔ ካውያ?»

«ኃይሉን ይስበዋል። ዕቃውን ሊያቃጥልብኝ ነው።»

«ውይ በሞትኩት! ታዲያ እስከ ዛሬ ዝም ትላለህ? በል እኔ ጠዋት ጠዋት እተኩሳለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገና ሳይነጋ እየተነሡ መተኮስ ጀመሩ። ኮምፒውተሩ ግን ማታ መጥፋቱን አልተወም። ሰውየው ምን አሰበ? «ተሳስቼ ይሆን?» አላለም። «ተደብቀው እየተኮሱ ነው» አለ። እንደገና ሄደ። ካውያው መስኮቱ ላይ ቀዝቅዞ ተቀምጧል፤ እትዬ አመለወርቅ በሞተር የሚሠራውን የስፌት መኪናቸውን እያስነሡ ነበር።

«እሱም ይስባል» አላቸው።

«ልጄ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው እኮ። የሰው ትእዛዝ በእጄ ነው።»

«እኔስ? የኔ ዕቃ ሜዳ ላይ የተገኘ ነው?»

በዚያው ምሽት ወደ እሳቸው የሚሄደውን ገመድ ነቀለው።

አያችሁ? ክፉ ሰው አይደለም። መድኃኒት ቤት ውስጥ አቅም ለሌለው ሰው የራሱን ገንዘብ ጨምሮ የሚሸኝ ሰው ነው። ነገር ግን ኑረዲን «ጠይቄህ ነበር» እንዳይለው ፈራ። «እኔ ነኝ የገጣጠምኩት» ያለባት ቃል ከበደችው። ያቺን ቃል ከማጠፍ የአንዲት ባልቴት መብራት ማጥፋት ቀለለው። እናንተስ? የራሳችሁን ቃል ላለማጠፍ ያጠፋችሁት የማንን ነው?

እትዬ አመለወርቅ የከሰል ካውያ ተዋሱ። የስፌት መኪናቸውን በእግር እየረገጡ ሰፉ። አንድ ቀን ፍንጣሪ ወጥቶ የአንዱን ተማሪ ሸሚዝ በሳው፤ ጨርቁን ከራሳቸው ተኩ። ትእዛዙ ስላልደረሰላቸው ግማሹን ለሌላ ሰፊ አሳልፈው ሰጡ። ለማንም አላማረሩም።

ገመዱ በተነቀለ ሰሞን ሰውየው ጌሙን ከፈተ። አሁን የሚስብበት የለም፤ ኃይሉ ሁሉ የእሱ ነው። ውድድሩ ጋለ፤ ኮምፒውተሩም እንደ ልማዱ ድርግም አለ።

«ይሄ መብራት!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ።

ሰናይት በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አምፖሉ ግን በርቷል» አለችው።

«ምን?»

«መብራት እያልክ ነው። አምፖሉ በርቷል። ፍሪጁም እየሠራ ነው። የጠፋው ያንተ ሳጥን ብቻ ነው።»

ቀና ብሎ አየ። በርቷል። ለካ ሁልጊዜም በርቶ ነበር! ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር አምፖሉ አናቱ ላይ እየበራ፣ እሱ በዚያው ብርሃን የሰው ጥፋት ይፈልግ ነበር።

በማግስቱ ኑረዲን ጋ ሄደ። ኑረዲንም እንደፈራው አልተናገረም። «እኔም ጠርጥሬ ነበር» ብሎ አዲሱን ፓወር ሰፕላይ አቀበለው፤ በቃ። ገጠመው። ኮምፒውተሩ ዳግመኛ አልጠፋም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ምንኛ ጥሩ ነበር! ሰው ይሳሳታል፤ ተሳሳትኩ ይላል፤ ያልፋል። እሱ ግን አላለም።

«ሄደህ ንገራቸው» አለችው ሰናይት።

«ምን ብዬ?»

«የኔ ሳጥን ነበር በላቸው። ይህን ለማለት ጉባኤ ይጠራል?»

ወጣ። ገመዱን መልሶ ቀጠለ። እትዬ አመለወርቅ አምፖላቸው ሲበራ አይተው ወጡ።

«ተስተካከለ እንዴ ልጄ?»

«ተስተካክሏል እትዬ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ!»

ልብ በሉ፣ አልዋሸም። ተስተካክሏል። የተናገረው ቃል ሁሉ እውነት ነው፤ የተወው ቃል ነው ውሸቱ። እኛስ ስንት ጊዜ እንዲህ ባለ እውነት ዋሽተናል?

በዚያው ማታ በሩ ተንኳኳ። እትዬ አመለወርቅ ናቸው፤ አንገታቸውን ብቻ አስገብተው፣

«ልጄ፣ ልብሱን ልተኩስ ወይስ እየተጫወትክ ነው?» አሉት።

«ኧረ ይተኩሱ እትዬ!»

«ማሽንህን እንዳላበላሽብህ ብዬ ነው።»

በማግስቱም መጡ። በሳምንቱም። ከዚያ በኋላ ያለ ፈቃድ ካውያ ሰክተው አያውቁም። በዝናብ ጊዜ ነጠላቸውን ተከናንበው ጊቢውን ያቋርጣሉ። ሰውየው መጀመሪያ አካባቢ «ነገ እነግራቸዋለሁ» ይል ነበር። ኋላ ለመደው። ሰው የማይለምደው ነገር አለ?

እንዲያውም አንድ ማታ፣ ይህን ሲነግረኝ መሬት መሬት እያየ ነው፣ ውድድሩ ጦፎ፣ ከወንድሙ ጋር እየተሳሳቁ ሳለ ያ ድምፅ ከበሩ መጣ። «ልጄ፣ ልተኩስ?» ፊቱን ሳይመልስ ምን አላቸው መሰላችሁ?

«ትንሽ ይቆዩ እትዬ።»

እሳቸውም ቆዩ።

ዓመታት አለፉ። እትዬ አመለወርቅ ዓይናቸው ደከመ፤ ልጃቸው በቆጂ ካለው ቤቷ ልትወስዳቸው መጣች። ዕቃው ተጫነ፣ የጊቢው ሰው ወጣ። ከጎረቤት ሲለዩ እንደሚደረገው፣ እሳቸውም እየዞሩ አንድ በአንድ ይቅርታ ይለምኑ ጀመር። እሱ ዘንድ ሲደርሱ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ልጄ፣ በዚያ በካውያዬ ስንት ጊዜ ማሽንህን አጥፍቼብሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

ወገኖቼ፣ በሩ ተከፍቶለት ነበር። አንድ ቃል ነበር የቀረው። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል፣ መኪናው ሞተሩን አስነሥቷል፤ እሱም፣

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎት እትዬ» አለ።

ይቅር አላቸው! በራሱ ጥፋት እሳቸውን ይቅር አላቸው! ሰናይት አንድ ጊዜ አየችውና ቤት ገባች።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፉ ተረበሸ። በመጨረሻ፣ ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ መኪና ተሳፍሮ በቆጂ ሄደ። እትዬ አመለወርቅ በድምፁ ለዩት፤ ደስ አላቸው፤ ምግብ ቀረበ። እሱ ግን እጁን ሳይታጠብ ጀመረ።

«እትዬ፣ የመጣሁት አንድ ነገር ልነግርዎት ነው። ያኔ ኮምፒውተሬ ይጠፋ የነበረው በእርስዎ ካውያ አልነበረም። የራሴ ዕቃ አቅም አንሶት ነው። እርስዎ አንዳች አላጠፉም።»

እትዬ አመለወርቅ ሳቁ።

«አንተ ልጅ ድሮም ደግ ነህ።»

«እውነቴን ነው እትዬ!»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ሆዴ እንዳይከፋው ብለህ ነው። በል ብላ።»

«እትዬ ይስሙኝ፤ አውቄ ነው ዝም ያልኩት...»

እሳቸው ግን ወደ ልጃቸው ዞረዋል። «አየሽ? ዕቃውን ያን ያህል ጊዜ አጥፍቼበት፣ ጥፋትዎ አይደለም ብሎ ሊያጽናናኝ ከአሰላ ድረስ መጣ። እንዲህ ያለ ጎረቤት ነበረኝ።»

ደግሞ ተናገረ። ማለላቸው። በማለ ቁጥር ደግነቱ በዓይናቸው እየጨመረ ሄደ። የቀረበለትን በላ፤ ተመርቆ ተመለሰ። «አባቴ፣» አለኝ፣ «እንደዚያ ቀን ምርቃት ከብዶኝ አያውቅም።»

ወገኖቼ፣ ሴትዮዋን አትውቀሱ። ምን ያድርጉ? ያን ሁሉ ዘመን ጥፋተኛ ሆነው ኖረውበታል። ይቅርታ ለምነውበታል፤ ይቅር ተብለውበታል። እውነቱ ዘግይቶ ሲመጣ የሚቀመጥበት ቦታ አጣ። የመጣው እንደ እውነት ሆኖ ሳይሆን እንደ ትሕትና ሆኖ ነው።

እኛ እውነት የትም አይሄድም እንላለን። አንድ ቀን እናገራለሁ፤ ሲረጋጋ እናገራለሁ፤ ሲያመቸኝ እናገራለሁ። እውነቱ አይሄድም። የሚሄደው የሚያምናችሁ ሰው ነው።

በእናንተ ጥፋት አንገቱን ደፍቶ የሚኖር ሰው አለ? «የቤታችን ሰላም የጠፋው በኔ ነው» ብላ የምታምን ሚስት አለች? አንተ ቸኩለህ ባሳሳትከው ሒሳብ «ሰነፍ ነኝ» ብሎ ከሥራ የወጣ የሥራ ባልደረባ አለ? እናት ሆይ፣ አንቺ ተሳስተሽ የቀጣሽው፣ ዛሬም ራሱን እንደ ጥፋተኛ የሚቆጥር ልጅ አለሽ? እነዚህ ሰዎች ተቀይመውን ቢሆን ይሻለን ነበር። አልተቀየሙንም። አምነውናል። መከራው እዚያ ላይ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ስትወጡ ማን ዘንድ እንደምትሄዱ ታውቃላችሁ። ስጦታ አትያዙ፤ ስጦታ ነገሩን ያድበሰብሰዋል። «ምናልባት ካጠፋሁ» አትበሉ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ አንቺ አይደለሽም» በሉ። ቢቆጡባችሁ፣ ፊታቸውን ቢያዞሩባችሁ፣ «እስከ ዛሬ እንዴት ዝም ትለኛለህ!» ብለው ቢጮኹባችሁ አትዘኑ፤ ይልቅ እግዚአብሔርን አመስግኑ። የተቆጣ ሰው አምኗችኋል። ደርሳችኋል ማለት ነው።