ለአጎቱ ድምፅ መውረድ ያቃታት ቫዮላ

አንድ ሰው ነበር። በብራዚል ገጠር ተወልዶ በትልቅ ከተማ ስም ያተረፈ ሙዚቀኛ። የአገሩ ሰዎች ቫዮላ የሚሏትን፣ ጊታር የምትመስል ነገር ግን ከጊታር ያነሰች፣ አሥር አውታር ያላትን መሣሪያ ሲጫወት ጣቶቹን በዓይኑ ተከትሎ የሚደርስባቸው አልነበረም።

ይህች ቫዮላ በከተማው የተናቀች ነበረች። «የገበሬ መጫወቻ» ይሏታል። እርሱም ቆርጦ ተነሣ። «በታላቁ አዳራሽ፣ በኦርኬስትራ ፊት አቆማታለሁ!» አለ። አሥራ ሁለት ዓመት ለፋ። አንገቷን በአዲስ ቁስ ሠራ፤ በሆዷ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ቀበረ። ከላይና ከታች አውታሮቹን የሚሸከሙትን ሁለት ስስ አጥንቶች ደግሞ በፀጉር ስፋት ልክ እየሞረደ ዝቅ አደረጋቸው፤ አውታሮቹ ወደ አንገቷ ተጠግተው ጣቶቹ እንዲበሩ። በመጨረሻም ተሳካለት። ታላቁ አዳራሽ ቀን ቆረጠለት።

ይህ ጥፋት ነው? አይደለም፣ ወገኖቼ! የተናቀን ማክበር መልካም ሥራ ነው። እስኪ ቀጥለን እንይ።

ኮንሰርቱ ስድስት ቀን ሲቀረው ሙዚቀኛው፣ ስሙ ዲርሴው ነው፣ ወደ ትውልድ መንደሩ ተጠራ። የጠሩት አጎቱ ኦልሚሮ ናቸው። በዚያ መንደር ከልደት በዓል በኋላ ባሉት ቀናት ምእመናን ባንዲራ ይዘው፣ የሰብአ ሰገልን ጉዞ እያሰቡ፣ ከቤት ወደ ቤት ይዘምራሉ። የቤቱ ባለቤት በሩን ዘግቶ ይጠብቃል፤ መሪው የመጀመሪያውን ስንኝ በገዛ አፉ ካልዘመረ በሩ አይከፈትም። አጎት ኦልሚሮ ልጃቸው ከሞት አፍ በተመለሰች ጊዜ ሰባት ዓመት ሊመሩ ተስለዋል። ይህ ሰባተኛው ዓመት ነው። ቫዮላ ይጫወትላቸው የነበረው ወዳጃቸው ግን በዚሁ ዓመት ዐርፏል፤ ዲርሴው የተጠራው በእርሱ ምትክ እንዲጫወት ነው።

በመጀመሪያው ደጃፍ ቆሙ። ዲርሴው አውታሮቹን ነካ፤ መንደሩ አፉን ከፍቶ ቀረ! አጎት ኦልሚሮ ስንኙን ጀመሩ፤ ድምፃቸው መንገድ ላይ ተሰበረ። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ተሰበረ።

«አጎቴ፣ ትንሽ ከፍ ያድርጉት እንጂ» አለ ዲርሴው።

«ከዚህ በላይ ያለው ድምፄ ጡረታ ወጥቷል፣ ልጄ። አንተው ውረድልኝ።»

ከበሮ መቺዋ ዚልዳ አላስቻላትም። «የከተማ ቫዮላ አውሮፕላን ናት እንዴ? ማረፊያ አጣች እኮ!» ሰዉ ሳቀ።

ዲርሴው አልሳቀም። መቃኛዎቹን አላላ። ያን ጊዜ አንገቷን ታክከው የተዘረጉት አውታሮች እየተንቀጠቀጡ ያንኑ አንገት ይመቱ ጀመር፤ በቆርቆሮ ላይ እንደፈሰሰ ሽምብራ ተንጫጩ። በዚያ መንደር ቫዮላ የምትቃኘው በዘማሪው ድምፅ ልክ ነው። ሟቹ ወዳጅ በየዓመቱ ኦልሚሮን እያደመጠ፣ ድምፃቸው በወረደ ቁጥር አውታሩን ሲያላላ ኖሯል። ዲርሴው ይህን ከሕፃንነቱ ያውቅ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሲለፋ ግን ሁሉን አስታውሶ ይህችን ብቻ ረሳ።

«ሌላ ሰው ይዘምር» አለ በለሆሳስ።

«የተሳልሁት እኔ፤ ሌላ ሰው እንዴት ያደርስልኛል?» አጎት ኦልሚሮ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ግድ የለም። ስድስቱን ዓመት ዘምሬአለሁ። በሰባተኛው ዝም ማለት ተጽፎብኝ ኖሯል።»

ከተዘጋው በር በስተኋላ የአንዲት ሴት ሳል ተሰማ። ቆማ እየጠበቀች ነው።

አስቡት እንግዲህ! አጥንቶቹን ነቅሎ በወፍራም ቢተካቸው አውታሮቹ ከአንገቷ ይርቃሉ፤ መንጫጫቱ ይቀራል፤ አጎቱ ይዘምራሉ። ነገር ግን እነዚያ አጥንቶች በሙጫ ተጣብቀዋልና ሲነቀሉ ይሰበራሉ፤ ሌሎችን በዚያው ልክ ሞርዶ ለመተካት ወራት ይፈጃል፤ ለአዳራሹ የቀረው ስድስት ቀን ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ቶሎ አትመልሱ።

ዲርሴው ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። «ቢላ አምጡልኝ፤ የደረቀ እንጨትም።»

አጎቱ ደነገጡ። «ምን ልታደርግ ነው? አዳራሹስ?»

«አዳራሹ ይቆየኝ፣ አጎቴ። መውረድ የማታውቅ ቫዮላ ገና ተሠርታ አላለቀችም።»

አጥንቶቹን ነቀለ። ዚልዳ «ሊቁ አናጢ ሆነልን!» እያለች ብትቀልድም እንጨቱን አጥብቃ የያዘችለት እርሷው ነበረች። ጠርቦ ሲጨርስ ቀና አለና «እርስዎ ይዘምሩ፤ እኔ ላዳምጥ» አለ። አጎት ኦልሚሮ ብቻቸውን ጀመሩ፤ ዝቅ ባለ፣ በሻከረ ድምፅ። ዲርሴው ያንን ድምፅ በአሥሩም አውታር ላይ አንድ በአንድ ፈለገው፤ አገኘውም። ስንኙ ተፈጸመ። መቀርቀሪያው ተንቀሳቀሰ፤ በሩም ተከፈተ። በዚያ ሰሞን ሠላሳ አንድ በሮች ተከፈቱ፤ ስእለቱም ደረሰ።

ኮንሰርቱ ቀረበት። አዘነም፤ ሰው ነውና። ቫዮላዋን ማዘመኑን ግን አልተወም፤ ወደ ሥራ ቤቱ ተመልሶ አውታሮቹን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ብሎን ሠራላት።

ወገኖቼ፣ ዕውቀታችሁን ጣሉ የሚላችሁ የለም። ተማሩ! ሠልጥኑ! አዳዲስ ነገር ሥሩ! ነገር ግን ጠይቁ፤ የእኔ ከፍታ የማንን አፍ ዘጋ? አባትህ የስልኩን አጠቃቀም እንድታሳየው ሲጠይቅህ በጥድፊያ ነጥቀህ ራስህ ትጨርሳለህን? በስብሰባ ላይ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ ልትናገር ያነሣችውን እጇን እስክታወርድ ድረስ በባዕድ ቃላት ትራቀቂያለሽን? ሰማያትን የዘረጋው ጌታ በበረት ሲወለድ ምን አደረገ? «ወደ እኔ ከፍታ ውጡ» ብሎ ውጭ አስቀረን? አላስቀረንም። ድምፃችን ወዳለበት ወረደ፤ ያንንም ለማድረግ ብዙ ከፈለ።

እኛም ከቤታችን እንጀምር። እነሆ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት እናቶች ከመዘምራኑ ጋር መዘመር ካቆሙ ስንት ሰንበት ሆናቸው? ልብ ያላችሁ አላችሁን? ኪቦርድ ላይ ያለኸው ልጄ፣ ሁለት ድምፅ ዝቅ አድርግልን። አሁንም ዝቅ። እናቶቼ፣ ዛሬ የምትጀምሩት እናንተ ናችሁ፤ እኛ እንከተላለን።